የእንጨት ዕቃ እንደ ወሩ ይያዛል፦ ለጎጃም ቤት የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

ነሐሴ ላይ አልከፈት ያለ መሳቢያ ታኅሣሥ ላይ በራሱ ጊዜ ይለቃል። ይህን የሚያውቅ ሰው በክረምት አናጢ ጠርቶ አያስልገውም። የማያውቅ ያስልገዋል። በጋው ሲገባ መሳቢያው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ የተላገ እንጨት ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

ስለ እንጨት ዕቃ ሲወራ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው "ምን ልቀባው?" ብሎ ነው። ለቅባቱ እንደርሳለን። እኔ ግን ወሩን አስቀድማለሁ። እንጨት ተቆርጦ፣ ተልጎ፣ ቡፌ ከሆነ በኋላም ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ አየሩ ሲደርቅ ይመልሳል። ሲስብ ይነፋል፣ ሲመልስ ይሰበሰባል። የሚነፋው በወርዱ ነው፤ በርዝመቱ ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለውም። ለዚህ ነው ሰፊ የጠረጴዛ ገጽ የሚሰነጠቀው፣ ቀጭን እግሩ ግን ደህና የሚሆነው።

ጎጃም ላይ ዝናቡ የሚበረታው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። እንጅባራና ዳንግላ በኩል ቀድሞ ገብቶ ዘግይቶ ይወጣል። ከኅዳር እስከ የካቲት ደግሞ አየሩ ደረቅ ነው። ስለዚህ ሥራውን እንዲህ ክፈሉት። በክረምት መጠበቅና ማናፈስ ብቻ። ጥገና፣ ሰምና ቫርኒሽ ከጥቅምት መጨረሻ በኋላ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከፀሐይ መከለልና ለክረምቱ መዘጋጀት።

መጀመሪያ ዕቃችሁን እወቁት

ፊቱን አትመልከቱ፤ ፊቱ ቫርኒሽ ነው። ጠረጴዛውን ገልብጡት፣ የቡፌውን ጀርባ እዩ፣ መሳቢያውን አውጥታችሁ ታቹን ተመልከቱ። እዚያ ማንም አልቀባውም።

ዋንዛ ከሆነ ልቡ ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ ብዙም የማይከብድ፣ ለአያያዝ የማያስቸግር እንጨት ነው። ጽድ ቀላ ይላል፤ ጥቂት ፋቅ ስታደርጉት እርሳስ ሲቀረጽ የሚወጣውን ሽታ ይሰጣችኋል። ባሕር ዛፍ ይከብዳል፣ በደንብ ሳይደርቅ ከተሠራ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ግራቪሊያ ላዩ ላይ ነጠብጣብ የመሰለ የሚያምር ጌጥ አለው። በሁሉም ላይ ልብ የምትሉት አንድ ነገር አለ። ነጣ ያለው የዳር ክፍል ነቀዝ የሚወደው ነው፤ ጠቆር ያለው ልቡ ይሻላል። ዕቃ ስትገዙ "ዋንዛ ነው?" ብቻ ሳይሆን "ስንቱ ልብ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ።

ያለችውን ዋንዛ መጠበቅ ለኪስም ይበጃል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ የከለከለው እያለቁ ስለነበር ነው። የአያት ሳጥን ተሽጦ በገንዘቡ ሌላ ዋንዛ ይገኛል ብላችሁ አታስቡ።

ታቹ የተጨመቀ ፍቅፋቂ ከሆነ ቺፑድ ነው፤ እንደ ካርቶን የላመ ከሆነ ኤምዲኤፍ። እነዚህ ሌላ ሕግ አላቸው። ውሃ ገብቶባቸው ካበጡ አይመለሱም። እንክብካቤያቸው አንድ ነው፤ ውሃ እንዳይነካቸው መከልከል። የተላጠ ጠርዝ ካለ ኮላ ቀብታችሁ ዛሬውኑ አጣብቁት፤ ነገ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው።

ቀጥሎ ቀለሙን ፈትኑ። በማይታይ ቦታ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉ። ድቡልቡል ብሎ ከተቀመጠ ቫርኒሽ ወይም ሰም አለው። ከሰመጠና እንጨቱ ከጠቆረ ራቁቱን ነው። ከዚያ በጥጥ ስፕሪቶ ነክታችሁ እዚያው ታች ላይ ያዙት። ላዩ ከተጣበቀና ከለሰለሰ ጎማላካ የሚባለው ቅብ ነው፤ የድሮ ዕቃ ላይ የተለመደ ነው። ስፕሪቶ ምንም ካላደረገው ቲነር ሞክሩ። በቲነር ከሟሟ የሚረጭ ላከር ነው። በሁለቱም ካልተነካ ዘይት ያለው ቫርኒሽ ወይም ፖሊዩሬቴን ነው። ይህችን አምስት ደቂቃ የምትፈጅ ፈተና የዘለለ ሰው በኋላ አንዱን ቀለም በሌላው ላይ ቀብቶ ሲሸበሸብበት ያያል።

ቦታውን አስተካክሉ

ዘጌ ሄዳችሁ የጣና ገዳማትን ያያችሁ ሰዎች የመቅደሱን ትልልቅ የእንጨት በሮች ታስታውሳላችሁ። በሮቹ ውስጥ ናቸው፤ ዙሪያውን ቅድስቱና ቅኔ ማኅሌቱ ከበዋቸዋል። ዝናብ አይመታቸውም፣ ፀሐይ አያገኛቸውም። ለቤታችንም ከዚህ የተለየ ዘዴ የለም።

ቡፌና ቁም ሣጥን ከግድግዳ ቢያንስ አራት ጣት ይራቁ። በተለይ የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ወይም ክረምት ላይ የሚያልበው የብሎኬት ግድግዳ ከሆነ ጀርባው ይሻግታል። ወለሉ አፈር ከሆነ እግሮቹን በጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም በሴራሚክ ቁራጭ ላይ አቁሙ። ሊሾም ቢሆን አይታመንም፤ በየቀኑ በውሃ ስለሚወለወል እግሩ ታች ላይ ውሃ ይጠጣል። እግሩን ገልብጣችሁ የተቆረጠውን ጫፍ እዩት። እርጥበት ከሌላው ቦታ ይልቅ ፈጥኖ የሚገባው በዚያ ጫፍ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ አጠጡትና ጎማ ምቱበት።

የበዓል ቄጠማም አለ። ቤት ያሳምራል፤ እርጥብ ነው ግን። በዓሉ ሲያልፍ መሐል መሐሉን ጠርገን ከሶፋና ከቡፌ ሥር ያለውን እንረሳዋለን። እዚያ ይበሰብስና የእግሩን ታች ያጠቁራል። ስትጎዘጉዙ ከእግሮቹ ዙሪያ ራቅ አድርጉ፤ ስትጠርጉም መጀመሪያ ከሥር አውጡ።

ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ዕቃ ቫርኒሹ ይሰነጣጠቃል፣ ቀለሙም ይለወጣል። ባሕር ዳርና ዓባይ በረሃ ዳር ያላችሁ መጋረጃ አትዝለሉ። ከሰል ማንደጃ ደግሞ ከማንኛውም የእንጨት ዕቃ ክንድ ያህል ይራቅ። ረከቦት ላይ ማንደጃ የሚያስቀምጥ ሰው አይቻለሁ፤ እሱን ምንም ሰም አያድነውም።

ጽዳት፦ ደረቅ፣ ከዚያ እርጥብ፣ ወዲያው ደረቅ

አብዛኛው የእንጨት ዕቃ የሚበላሸው በቸልታ ሳይሆን በትጋት ነው። ለበዓል ተብሎ በዱቄት ሳሙናና በሽቦ ይፈተጋል፣ ውሃ ይደፋበታል፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይወጣል። ነፋ፣ ወዲያው ተሰበሰበ፣ ተሰነጠቀ።

ለየሳምንቱ ያረጀ ነጠላ ወይም የጥጥ ቲሸርት ይበቃል። ደረቅ ይሁን። በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ጥረጉ። አቧራ አሸዋ አለበት፤ አጥብቆ ከተፈተገ ቫርኒሹን ይጭረዋል፣ ስለዚህ እጃችሁን አታክብዱ።

የእጅ ቅባትና የወጥ ፍንጣቂ ሲኖር ለብ ያለ ውሃ ላይ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ጨምሩ። ጨርቁን ነክራችሁ እስኪደርቅ ጭመቁት፤ ሲጨበጥ ጠብ የሚል ከሆነ በዝቷል። ትንሽ ትንሽ ቦታ ጥረጉ፣ ሳሙናውን በሌላ እርጥብ ጨርቅ አንሱ፣ ወዲያው በደረቅ አድርቁ። በረኪና፣ ሽቦና የዱቄት ሳሙና ለእንጨት አይሆኑም።

ክረምት ላይ እርጥብ ጽዳቱን ቀንሱ። ይልቅ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር መስኮት ክፈቱ፣ የቁም ሣጥኑን በር በርግዱ፣ መሳቢያዎቹን ገርበብ አድርጉ። ሻጋታ ከታየ በደረቅ ጨርቅ ውጭ አውጥታችሁ ጥረጉት፤ ቤት ውስጥ ከተራገፈ ብናኙ ሌላውን ያዳርሳል። ከዚያ ስፕሪቶ በነካ ጨርቅ ድገሙት። ጎማላካ ላይ ግን ስፕሪቶ አይነካም።

የጠበቀውን መሳቢያ ምን እናድርገው? አውጡት ከወጣ፣ ደረቅ ክፍል ውስጥ ጥቂት ቀን አሳድሩት፣ ከዚያ የሚሄድበትን ጠርዝ በሰም ወይም በጧፍ ቁራጭ እሹት። ብዙውን ጊዜ በዚህ ይለቃል። መላግ ካለበት ጥር ላይ ተመልከቱት።

የሰም ቅባት ከሰፈፍ

ይህን ክፍል አስረዝመዋለሁ፤ ምክንያቱም ጎጃም የማር አገር ነው፤ ጥሩው የእንጨት ቅባት ደግሞ ከጠጅ ቤት ጓሮ ይገኛል። ጠጅ ተጥሎ የሚቀረው ሰፈፍ ውስጥ ሰም አለ። ከዚያ የሚወጣው ሰም ሱቅ ላይ ከሚሸጠው የሚረጭ ማንጸባረቂያ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። የሚረጨው ያበራል፤ ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሲሊኮን ግን በኋላ ቫርኒሽ አልቀበል ይላል።

ሰፈፉን በአሮጌ ድስት ውስጥ ብዙ ውሃ አድርጋችሁ ጣዱት። ድስቱን ለምግብ አትመልሱትም፤ አሮጌ ያልኩት ለዚያ ነው። ደብረ ማርቆስን በመሰለ ከፍታ ውሃ ወደ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ሰም ግን ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ ውሃው መንተክተክ የለበትም። ሲቀልጥ በወፍራም ጨርቅ ወይም በጆንያ ቁራጭ ወደ ሌላ ዕቃ አጥሉት፣ በእንጨት ማማሰያ ጨምቁት። እጃችሁን ጠብቁ። ሳትነኩ አሳድሩት። ጧት ላይ ሰሙ ውሃው ላይ ጠፍጣፋ ቂጣ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ገልብጡት፤ ከሥሩ ጠቆር ያለ ዝቃጭ ተጣብቋል። እሱን በቢላ ፋቁት። ሰሙ አሁንም የቆሸሸ ከሆነ አንድ ጊዜ ደግማችሁ አቅልጡት። የጠራ ሰም ቢጫ ነው፣ ሲሰበር ደቀቅ ያለ ፊት ያሳያል፣ የማር ሽታው አይለቀውም።

አሁን 100 ግራም ሰም ላይ 400 ሚሊ ሊትር ገደማ የተልባ ዘይት ያስፈልጋል። ጣሳ ውስጥ አድርጉት፤ ጣሳውን ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አስቀምጡ። ሰምና ዘይት በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ ድንገት ሊቀጣጠል ይችላል። ሰሙ ሲቀልጥ አማስሉ፣ ከእሳት አውርዱ፣ እየቀዘቀዘ ሲሄድም ማማሰሉን አታቁሙ። ሲረጋ ለጋ ቅቤ መምሰል አለበት። ከጠጠረ ዘይት፣ ከቀጠነ ሰም ጨምራችሁ መልሱት።

ለምን ተልባ? የተልባ ዘይት አየር ሲያገኝ ይደርቃል፤ እንጨቱ ውስጥ ይጠነክራል። የኑግ ዘይትም ይደርቃል፤ ግን ይዘገያል፣ እስከዚያ አቧራ ይሰበስባል። የፓልም ዘይት ግን አይደርቅም። የወጥ ዘይት ቀብቶ "አብረቀረቀ" የሚል ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚጣበቅ ጠረጴዛ ይኖረዋል። ቅቤም እንዲሁ፤ ይሻግታል።

አቀባቡ። ዕቃው ንጹሕና ደረቅ ይሁን። በጨርቅ ጫፍ የባቄላ ፍሬ የምታህል አንሱ፤ ክንድ ለሚያህል ቦታ ትበቃለች። በክብ እያሻችሁ አስገቡት፣ መጨረሻ ላይ በእንጨቱ መስመር ሳቡት። ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ከዚያ የተረፈውን በንጹሕ ጨርቅ ሙሉ በሙሉ አንሱ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ወፍራም ሰም የሚጠብቅ ይመስለዋል። የሚጠብቀው ስሱ ነው። በማግሥቱ በደረቅ ጨርቅ ወልውሉት፣ ያበራል።

ይህ ቅባት ለራቁት እንጨት ነው፤ ለዱካ፣ ለበርጩማ፣ ለረከቦት፣ ለመሳቢያ ውስጥ። ጤነኛ ቫርኒሽ ላለው ዕቃ በዓመት አንድ ጊዜ በጣም ስስ አድርጉ፤ ከዚያ በላይ አያስፈልገውም። በቅርቡ ቫርኒሽ ልትቀቡት ያሰባችሁትን ዕቃ ደግሞ ሰም አታስነኩ፤ ቫርኒሹ አይይዝም።

ጨርቁን አደራ። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። ወይ ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት።

ነጭ ክብ፣ ጥቁር ክብ፣ የጧፍ ጠብታ

ትኩስ ስኒ ወይም እርጥብ ብርጭቆ የተወው ነጭ ክብ ቫርኒሹ ውስጥ የታሰረ እርጥበት ነው፤ እንጨቱ ጋ አልደረሰም። ሁለት ቀን ተዉት፤ አንዳንዱ በራሱ ይጠፋል። ካልጠፋ ቫዝሊን ቀብታችሁ አሳድሩትና ጧት ጥረጉት። አሁንም ካለ ወፍራም ደረቅ ጨርቅ አንጥፋችሁ ለብ ያለ ካውያ ሁለት ሦስት ሰከንድ አሳርፉ፣ አንሱ፣ እዩ። መደጋገም ይቻላል፤ ማቆየት ግን አይቻልም።

ጥቁር ክብ ሌላ ነገር ነው። ውሃው እንጨቱ ድረስ ገብቷል፣ ብዙ ጊዜም ከሥሩ የብረት ጣሳ ወይም ትሪ ነበር። ይህ በማሸት አይለቅም። ቫርኒሹ ተፍቆ እንደገና መቀባት አለበት፤ እሱም ቢሆን ጥልቅ ከሆነ ዱካው ይቀራል። ዳንቴል አንጥፎ መኖር ነውር አይደለም።

ጧፍ ወይም ሻማ ከተንጠባጠበ ትኩሱን አትጥረጉ። እስኪጠነክር ተዉት፣ በፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ ፈንቅሉት። የቀረውን በሶፍት ሸፍናችሁ ለብ ባለ ካውያ አስመጥጡ።

የተነቃነቀ ወንበር

ሚስማር አትምቱበት። ሚስማር ለአንድ ወር ያቆመዋል፣ ከዚያ መጋጠሚያውን ሰንጥቆ የሚጠገነውን የማይጠገን ያደርገዋል።

ደረቁን ወቅት ጠብቁ። የላላውን እግር በቀስታ ነቅላችሁ አውጡ፤ በመዶሻ ከሆነ በመሐል የእንጨት ቁራጭ ይኑር። የድሮውን ኮላ ከወንዱም ከሴቱም መጋጠሚያ በቢላ ፋቁት። አዲስ ኮላ አሮጌ ኮላ ላይ አይይዝም፤ የሚይዘው እንጨት ላይ ነው። ሳትቀቡ አንድ ጊዜ ገጥማችሁ ሞክሩት። ሰፊ ከሆነ ስስ የእንጨት ልጣጭ በኮላ አልብሱት።

ከዚያ ሁለቱንም ፊት ነጩን ኮላ ቀቡ፣ ግጠሙ። ለማጥበቂያ ሞርሳ ከሌላችሁ የብስክሌት የውስጥ ጎማ በረጅሙ ቅደዱ። ባሕር ዳር ላይ ይህ አይጠፋም፤ ማንኛውም ብስክሌት ጠጋኝ ይሰጣችኋል። እየሳባችሁ ዙሪያውን ጠምጥሙት፤ ጎማው እንደተሳበ ስለሚቆይ ከገመድ ይሻላል። ወንበሩን ደልዳላ ወለል ላይ አቁሙና አራቱም እግር መሬት መንካቱን እዩ። የወጣውን ኮላ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ አንሱ፤ ከደረቀ በኋላ ቫርኒሽ እዚያ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። አንድ ሙሉ ቀን ሳይቀመጥበት ይቆይ።

የጠፍር አልጋ ያላችሁ፣ ጠፍሩ እርጥብ ሲሆን ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። የሚወጠረው ርሶ ነው፤ ሲደርቅ ራሱ ይጠብቃል።

ነቀዝና ምስጥ

ክብ ትንንሽ ቀዳዳ ስታዩ አትደናገጡ፤ መጀመሪያ ነቀዙ አለ ወይ ሄዷል የሚለውን እወቁ። ከቀዳዳው ሥር ያለውን ዱቄት ሁሉ ጥረጉና ጥቁር ወረቀት ወይም ፌስታል አንጥፉ። ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ እዩ። አዲስ ነጣ ያለ ዱቄት ከወረደ ውስጥ ሥራ ላይ ነው።

ዕቃውን ከሌላው ለዩት። መርፌው ቀጭን በሆነ ሲሪንጅ የእንጨት ነቀዝ መድኃኒት በየቀዳዳው ስጡ፤ ጓንት አድርጉ፣ ውጭ ሥሩ፣ ልጆች ይራቁ። ነጭ ጋዝ የሚጠቀሙ አሉ፤ ከሆነ እሳትም ሲጋራም አካባቢው እንዳይኖር፣ ሽታው ሳይወጣ ቤት እንዳይገባ። ከሳምንት በኋላ ይደገም። ከዚያ ቀዳዳዎቹን በሰም ድፈኑ። ለምን? ከሞላችሁት አዲስ ቀዳዳ ሲከፈት ወዲያው ታያላችሁ።

መከላከያው ርካሽ ነው። ዱቄት አድራጊው ነቀዝ እንቁላሉን የሚጥለው ባልተቀባ እንጨት ቀዳዳ ውስጥ ነው። አናጢ ግን የሚቀባው ፊቱን ብቻ ነው። የጠረጴዛውን ታች፣ የቡፌውን ጀርባና የአልጋውን ርብራብ አንድ ጊዜ ቫርኒሽ አስነኩት።

ምስጥ ከመሬት ነው የሚመጣው። ግድግዳ ላይ ወይም የዕቃው እግር ላይ የጭቃ መስመር ካያችሁ እሱ መንገዱ ነው። መንገዱን ማፍረስ ብቻ አይበቃም፤ በሌላ በኩል ይሠራል። ዕቃውን አንሱ፣ ከግድግዳ አርቁ፣ ከድንጋይ ላይ አቁሙ፣ ምንጩን በባለሙያ አስመርምሩ።

ቫርኒሹን እንደገና መቀባት

ይህ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ቀን ይሠራል። በዝናብ ቀን የተቀባ ላከር እርጥበት ይዞ ነጭ ጭጋግ ያበጃል።

ቫርኒሹ ጤነኛ ሆኖ ብቻ ደብዝዞ ከሆነ እስከ እንጨቱ አትፋቁት። በሳሙና ውሃ አጽዱ፣ አድርቁ፣ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ድምቀቱ እስኪጠፋ ቀለል አድርጋችሁ እሹ፣ ቀቡ። የተላጠና የተሰነጣጠቀ ከሆነ ግን በ120 ጀምራችሁ በ180፣ ከዚያ በ220 ጨርሱ። ሁሌም በእንጨቱ መስመር። አግድም የተጨረ ጭረት ቫርኒሽ ሲጠጣ ጎልቶ ይወጣል። ላዩ ስስ ልጣጭ የተለጠፈበት ዕቃ ከሆነ በ180 ጀምሩ፣ ቶሎም አቁሙ፤ ከሥሩ ቺፑድ ብቅ ይላል።

ብናኙን በብሩሽ፣ ከዚያ ቲነር ባለፈበት ጨርቅ አንሱ። ቀዳዳና ስንጥቅ በስቱኮ ድፈኑ። የበጋ ስንጥቅ ቀጭን ከሆነ ግን አትድፈኑት፤ ክረምት ራሱ ይዘጋዋል፣ ስቱኮውን ደግሞ እንጨቱ ሲነፋ ይገፋዋል።

የመጀመሪያውን ቅብ ቀጠን አድርጉ፤ ዘይት ያለው ቫርኒሽ አኳራጅ በሚባለው ማቅጠኛ፣ ላከር በራሱ ቲነር። ጣሳውን አትነቅንቁ፣ በእንጨት አማስሉ፤ መነቅነቅ አረፋ ያመጣል። ሲደርቅ በ320 ቀለል አድርጋችሁ እሹ፣ ጥረጉ፣ ሁለተኛውን ቀቡ። ለጠረጴዛ ገጽ ሦስተኛ ይጨመር። ላዩ ቢደርቅም ሳምንት ያህል ትኩስ ነገርና የፕላስቲክ ምንጣፍ አታስቀምጡበት፤ ይጣበቃል።

አናጢ ጋ ሲኬድ

የእግር መሰበር፣ የበር መጣመም፣ የገጽ መሰንጠቅ እስከ ዳር ከሆነ የባለሙያ ሥራ ነው። ሄዳችሁ ግን "ጠግንልኝ" ብቻ አትበሉ። ቀለሙን እንደፈተናችሁት ንገሩት፤ ጎማላካ ላይ ላከር እንዳይረጭ። ሚስማር ሳይሆን ኮላና የእንጨት ችንካር እንዲጠቀም ጠይቁት። የሚጨምረው እንጨት ምን ያህል የደረቀ እንደሆነ አሳዩኝ በሉ። ከትናንት ወዲያ የተሰነጠቀ ባሕር ዛፍ ከሃያ ዓመት ዋንዛ ጋር ካጋጠመው በጋው ሳያልቅ ይላቀቃሉ። ዕቃውን በባጃጅም ሆነ በአይሱዙ ስትልኩት መሳቢያዎቹን አውጡ፣ በሮቹን በጨርቅ እሰሩ፣ ከገጹ ሳይሆን ከወገቡ እንዲያነሱት ንገሯቸው።